ኤፍአርአር በሃብ እና ስፖክ ኔትወርክ፦ ብዙ ይችላል፣ ለቅርንጫፍ ግን ትንሽ አስነግሩት

ከፍርዱ ልጀምር። ኤፍአርአርን ወድጄዋለሁ። ቅርንጫፎችን (ስፖኮችን) ከዋናው መሥሪያ ቤት (ከሃቡ) ጋር የሚያገናኝ ኔትወርክ ለሚያስተዳድርና ሊኑክስ ለማያስፈራው ሰው ሳላቅማማ እመክረዋለሁ። ግን ሲጫን አብሮት የሚመጣው ሴቲንግ ለቅርንጫፍ ኔትወርክ ታስቦ የተሠራ አይደለም። እንዳለ ብትተዉት ይሠራል፤ የሚሠራው ግን መስመሩ ሰላም በሆነ ቀን ነው። መስመሩ ሲበላሽ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ኤፍአርአር ተራውን የሊኑክስ ማሽን ራውተር የሚያደርግ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩባቸውን ፕሮቶኮሎች፣ ቢጂፒ፣ ኦኤስፒኤፍ፣ አይኤስ አይኤስ፣ ሪፕ፣ ሁሉንም ይናገራል። ዘሩ ከዜብራ ነው። ዜብራን ኩኒሂሮ ኢሺጉሮ በ1996 ጀመረው፤ ከእሱ ኳጋ ተወለደ፤ ከኳጋ ደግሞ ኤፍአርአር ተነጥሎ ወጣና በ2017 በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ይፋ ሆነ። የአያትየው ስም ዛሬም አልጠፋም፤ ሩቶችን (የመንገድ መረጃዎችን) ሰብስቦ ወደ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) የሚያስገባው ዴመን፣ ማለትም ከበስተጀርባ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ዜብራ ይባላል። ኤፍአርአር አልነካሁም የምትሉም ሳታውቁት ነክታችሁት ይሆናል። ቪዮስ የሚባለው የራውተር ሲስተም ውስጥ ያለው እሱ ነው። ሶኒክ የሚባለው የስዊች ሲስተም ውስጥም አለ። በፋየርዎሉ ፒኤፍሴንስ ላይ ደግሞ እንደ ተጨማሪ ፓኬጅ ይጫናል።

የእኔ አሠራር እንዲህ ነው። ሁለት ሃብ አሉ፤ ሁለቱም ሊኑክስ ናቸው። በየቅርንጫፉ ትንሽ የሊኑክስ ሳጥን አለ። በመሀል ያለው የማንም ተራ ኢንተርኔት ነው፤ በላዩ የዋየርጋርድ ተነል (የተመሰጠረ የግል መስመር) ዘርግተናል። የቅርንጫፍ ሰው ፋይል ሰርቨርና ሲስተም ለማግኘት ወደ ማዕከል ይመጣል። ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ እምብዛም አይነጋገርም። ይቺን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በእሷ ላይ የቆመ ነው።

በስታቲክ ሩት (በእጅ በተጻፈ ቋሚ መንገድ) ለምን አልጨረስከውም የሚል አይጠፋም። ሃቡ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጨርሰው ነበር። ሁለተኛ ሃብ ሲመጣ ግን ስታቲክ ሩት ማን እንዳለና ማን እንደሞተ አያውቅም። በተለይ ዋየርጋርድ ላይ። የዋየርጋርድ ኢንተርፌስ ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ማሽን ቢቃጠል እንኳ አፕ እንደሆነ ይቀራል። ዳውን የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ስታቲኩ ሩት በሞተ ተነል ላይ ተጋድሞ ፓኬቱን ሲውጥ ይውላል። ህይወት አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ፕሮቶኮል የግድ ያስፈልጋል።

ወደ አጫጫኑ ስንመጣ የሚያናድድ ነገር የለበትም። ፕሮጀክቱ የራሱ የዴቢያንና የሬድሃት ፓኬጅ ማከማቻ ስላለው፣ ዲስትሮው ይዞት የሚመጣው ቨርዥን ቢያረጅባችሁ ከዚያ ውሰዱ። ጀማሪ የሚደነቃቀፍበት ቦታ አንድ ነው፤ ዴመንስ የሚባለው ፋይል። እያንዳንዱ ፕሮቶኮል የራሱ ዴመን አለው፤ አብዛኞቹ ደግሞ ሲጫኑ ‹ኖ› ላይ ናቸው። ቢጂፒን እዚያ ፋይል ላይ ‹የስ› ሳትሉ ኮንፊግ ልጻፍ ብትሉ ምንም አይሰማችሁም። የማትጠቀሙበትን ሁሉ አብሩት ማለቴ ግን አይደለም። እኔ ቢጂፒንና ቢኤፍዲን (መስመር መሞቱን ቶሎ የሚያሳውቀውን) ብቻ አበራለሁ፤ ስታቲኩ በራሱ አለ። ሌላው ተኝቶ ይቆይ።

የትእዛዝ መስጫው ቪቲዋይኤስኤች ይባላል። ሲስኮ ላይ ያደገ ሰው እዚህ ቤቱ ነው የሚገባው። ‹ሾው› ይሠራል፣ ታብ ይሠራል፣ የጥያቄ ምልክት ይሠራል። ከእኔ ጋር የሚሠራው ልጅ ሊኑክስን ገና እየተማረ ሳለ ኤፍአርአርን ግን ያለ አስተማሪ ገባበት። ይሄ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሌሊት ስልክ የሚያነሳው እኔ ብቻ መሆኔ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፕሮቶኮል ምርጫ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኦኤስፒኤፍ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው እሱን ስለሆነ ይመስለኛል። የኤፍአርአር ኦኤስፒኤፍ ምንም አይወጣለትም፤ ችግሩ ከፕሮቶኮሉ ጠባይ ነው። በኦኤስፒኤፍ አንድ ኤሪያ (የኔትወርክ ክፍል) ውስጥ ያለ ራውተር ሁሉ አንድ አይነት ካርታ መያዝ አለበት። ስለዚህ የአንዱ ቅርንጫፍ መስመር ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ሌላው ቅርንጫፍ ሁሉ ይነገረዋል፤ ሒሳቡንም እንደገና ይሠራል። ምን አገባው? የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው፤ ወደ ሃብ። ኤሪያ ውስጥ አጣርቼ ልናገር ብትሉ አይቻልም፤ ማሳጠር የሚቻለው በኤሪያዎች ድንበር ላይ ነው። ለየቅርንጫፉ ኤሪያ ከፍቶ ስተብ (ትንሽ ብቻ የሚነገረው ጫፍ) ማድረግ ይቻላል፤ ይሠራልም። ግን እዚያ ስትደርሱ ቢጂፒ በሁለት መስመር የሚሠራውን ነገር በትግል እየሠራችሁ ነው።

ሌላም አለ። ኦኤስፒኤፍ ሄሎ የሚለው በመልቲካስት (ለብዙ ተቀባይ በአንዴ በሚላክ መልእክት)፣ በ224.0.0.5 ነው። ዋየርጋርድ ደግሞ ‹አላውድ አይፒ› (የተፈቀዱ አድራሻዎች ዝርዝር) ውስጥ ያልተጻፈለትን አድራሻ አያሳልፍም። ያንን ካለፋችሁ በኋላ ኤምቲዩ (መስመሩ የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) ይጠብቃችኋል። የሁለቱ ጫፍ ኤምቲዩ ካልገጠመ ጎረቤትነቱ ‹ኤክስስታርት› ላይ ተገትሮ ይቀራል። ኤምቲዩውን አትይ የሚል ትእዛዝ አለ፤ ሰዉም ወዲያው እሱን ይለጥፋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ኤምቲዩው ያልገጠመ ተነል ጎረቤትነቱ ቢመሠረትም ትልልቁን ፓኬት መጣሉን አይተውም።

የሲስኮውን ፕሮቶኮል ኢአይጂአርፒን የምትወዱ ትኖራላችሁ። ሲስኮ በሲስኮ የሆነ ቅርንጫፍ ላይ፣ ስፖኮቹን ስተብ አድርጎ፣ እውነትም ጥሩ ነው። በ2016 አርኤፍሲ 7868 (የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ) ሆኖ ከታተመ ወዲህ ማንም ሊሠራው ይችላል፤ ኤፍአርአርም አንድ ዴመን አለው። ያ ዴመን ግን ገና በሙከራ ደረጃ ያለ ነው፤ ደሞዝ የሚከፈልበት ኔትወርክ ላይ አላስነሳውም። ሪፕስ? አትሳቁ፤ ለሃብ እና ስፖክ ሪፕ ያን ያህል መጥፎ አይደለም። ርቀቱ ሁለት ሆፕ (ሁለት ራውተር መሻገር) ነው፤ ሩቱም ጥቂት ነው። የሚያስጠላው መንቀራፈፉ ነው፤ የሞተን ሩት ለመተው በተለመደው ሴቲንግ 180 ሰከንድ ይጠብቃል። ሪፕና ኢአይጂአርፒ ሌላም የጋራ ጣጣ አላቸው። ስፕሊት ሆራይዘን የሚባለው ሕግ ወሬ የነገረህን ሰው ያንኑ ወሬ መልሰህ አትንገረው እንደማለት ነው። ለጤነኛ ሰው ጥሩ ሕግ ነው። ሃቡ ላይ ግን ቅርንጫፎቹ ሁሉ በአንድ መልቲፖይንት (ብዙ ጫፍ ባለው) ኢንተርፌስ ከገቡ፣ ሃቡ ከአንዱ የሰማውን ለሌላው አይናገርም። ሕጉን ካላጠፋችሁት ቅርንጫፍና ቅርንጫፍ አይተዋወቁም።

እኔ የተቀመጥኩት ቢጂፒ ላይ ነው። ቢጂፒ ለትልቁ ኢንተርኔት ነው፣ ለእኛ ይከብዳል የሚለው ወሬ ቢቀር ጥሩ ነው። በቲሲፒ 179 ሁለት ማሽን ይገናኛሉ፣ የሚፈልጉትን ያህል ይነጋገራሉ፤ አለቀ። መልቲካስት የለም፣ ካርታ የለም። ዋናው ነገር ደግሞ ለማን ምን እንደሚነገር የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። በሃብ እና ስፖክ ላይ የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ ለቅርንጫፍ ትንሽ መንገር።

አሠራሬን ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። መጀመሪያ ተነሉ። ዋየርጋርድ አንድ ኢንተርፌስ ላይ ብዙ ፒር (በወዲያኛው ጫፍ ያለ ማሽን) ሲኖር የትኛው ፓኬት ለየትኛው ፒር እንደሚሄድ የሚወስነው ራሱ ነው፤ በ‹አላውድ አይፒ› ዝርዝር። ያ ዝርዝር ደግሞ ከኤፍአርአር ጋር አይነጋገርም። ራውቲንጉ መንገድ ሲቀይር ዝርዝሩ አብሮ አይቀየርም። ስለዚህ ሃቡ ላይ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ ኢንተርፌስ፣ የራሱ የዩዲፒ ፖርት ሰጥቼዋለሁ። ‹አላውድ አይፒ›ን 0.0.0.0/0 አድርጌ ውሳኔውን ለኤፍአርአር ለቀቅኩት። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። የዋየርጋርድ ማስነሻውን ደብሊውጂ ኩዊክን የምትጠቀሙ ከሆነ ‹ቴብል ኦፍ› የምትለዋን መስመር እንዳትረሱ። ካለዚያ 0.0.0.0/0ን ሲያይ ዲፎልት ሩቱን (ሌላ መንገድ ለሌለው ሁሉ የሚያገለግለውን) ራሱ ጎትቶ ተነሉ ውስጥ ይከተዋል።

ቀጥሎ ኤኤስ ቁጥሩ፤ ቢጂፒ አንድን ኔትወርክ ከሌላው የሚለይበት ቁጥር። ሁለቱ ሃብ 65000 ናቸው፣ ቅርንጫፎቹ በሙሉ 65001። አዎ፣ ሁሉም አንድ ቁጥር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቅንድቡን ያነሳል፤ ለየቅርንጫፉ የተለያየ ቁጥር መስጠት አይሻልም ወይ ይላል። ቢጂፒ የራሱን ቁጥር በመንገዱ ውስጥ ካየ ሩቱን አይቀበልም። ስለዚህ የአንዱ ቅርንጫፍ ሩት በስህተት ወደ ሌላው ቢላክ እንኳ ተቀባዩ ይጥለዋል። ቅርንጫፉም ከአንደኛው ሃብ የሰማውን ለሁለተኛው ሃብ ቢያወራ፣ ሃቡ 65000ን እዚያ ውስጥ አይቶ አልሰማም ይላል። በዚህ ምክንያት ደካማ መስመር ያለው ቅርንጫፍ ሳይታሰብ የሁለት ሃብ መሸጋገሪያ አይሆንም። ጥበቃው ነፃ ነው።

ታዲያ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍን በምን ያገኘዋል? ሃቡ ለሁሉም የሚናገረው አንድ ሩት ነው፤ 10.0.0.0/8 (የውስጥ አድራሻ ክልላችን) በእኔ በኩል ነው ይላል፣ ሌላ ወሬ የለም። ሃቡ ላይ ይቺን ሩት የምፈጥራት በስታቲክ ብላክሆል (ፓኬትን በሚጥል ሩት) ነው። ይቺ አንዲት መስመር ሁለት ሥራ ትሠራለች። ሩቷ ሁልጊዜ ስላለች ቢጂፒ ያለማቋረጥ ይናገራታል። አንድ ቅርንጫፍ ሲወድቅ ደግሞ ወደ እሱ የሚሄደው ፓኬት በሃቡ ዲፎልት ሩት ሾልኮ ወደ ኢንተርኔት አይወጣም፤ እዚያው ይጣላል።

ዲፎልት ሩት ለምን አልላክህም ለምትሉ፣ ቅርንጫፎቼ የየራሳቸው ኢንተርኔት አላቸው። ስታቲክ ዲፎልት በኤፍአርአር ዲስታንሱ (ትንሹ የሚያሸንፍበት የቅድሚያ ቁጥር) 1 ነው፤ ከውጭ ቢጂፒ (ከሌላ ኤኤስ) የመጣ ሩት 20 ነው። ሃቡ ዲፎልት ቢልክላቸውም ስታቲኩ ያሸንፈዋል። የኢንተርኔት ትራፊክንም በማዕከል እናሳልፍ ካላችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት ወደ ሃቡ የኢንተርኔት አድራሻ የሚወስድ ስታቲክ ሩት በአይኤስፒው (በኢንተርኔት አቅራቢው) በኩል ጻፉ። ካልጻፋችሁ ተነሉ ራሱን በራሱ ውስጥ ሊልክ ይሞክራል። ይነሳል፣ ሩቱን ይማራል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። ሎጉን ያየ ሰው መስመሩ ነው የተበላሸው ብሎ ወደ አይኤስፒው ይደውላል።

ሃቡ ላይ አዲስ ቅርንጫፍ በመጣ ቁጥር ኔበር (ቢጂፒ የሚነጋገረው ጎረቤት) እየጻፉ መኖር አያስፈልግም። ‹ቢጂፒ ሊስን ሬንጅ› የምትል ትእዛዝ አለች። ከዚህ የአይፒ ክልል የሚመጣውን ሁሉ በዚህ ፒር ግሩፕ (የጋራ ሴቲንግ ባላቸው ኔበሮች ስብስብ) ተቀበል ትሉታላችሁ። ቅርንጫፉ ይደውላል፣ ሃቡ ያነሳል። በጣም ደስ የምትል ነገር ናት። ሁለት ጠባይዋን ግን እወቁ። አንደኛ፣ ካልቀየራችሁት ገደቡ 100 ነው፤ ትልቅ ኔትወርክ ያላችሁ ከወዲሁ ከፍ አድርጉት። ሁለተኛው የባሰ ነው። በዚህ መንገድ የገባ ኔበር ሴሽኑ (ግንኙነቱ) ሲወድቅ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ‹ሾው ቢጂፒ ሰመሪ› ስትሉ የሞተው ቅርንጫፍ ‹አክቲቭ› ወይም ‹አይድል› ተብሎ አይታይም። ጭራሽ የለም። ዝርዝሩ ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ሞኒተሪንጋችሁ የወደቀ ሴሽን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ምንም አያይም። እኔ የቅርንጫፎቹን ዝርዝር ለብቻው ይዤ ከሰመሪው ጋር የሚያመሳክር ትንሽ ስክሪፕት ጽፌያለሁ። የጎደለውን ነው የምፈልገው።

አሁን ወደ አከራካሪው ነጥብ። ኤፍአርአርን ጭነው፣ ኔበር ጽፈው፣ ሴሽኑ ተነስቶ፣ ግን አንድም ሩት አላየሁም የሚሉ ሰዎች መዓት ናቸው። ሰመሪው ላይ የሩት ቁጥር መሆን በነበረበት ቦታ በቅንፍ ‹ፖሊሲ› የሚል ቃል ያያሉ። ይሄ ብልሽት አይደለም። በ2017 የወጣው አርኤፍሲ 8212 በውጭ ቢጂፒ ላይ ማጣሪያ ሳይጻፍ ምንም አትቀበል፣ ምንም አትላክ ይላል፤ ኤፍአርአርም ከ7.4 ጀምሮ በነባሪው ይሄንን ይከተላል። ሰዉ ፈልጎ የሚያገኘው መፍትሔ ሕጉን የሚያጠፋ አንድ መስመር ነው። አታጥፉት። ይሄ ሕግ ለሃብ እና ስፖክ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ቅርንጫፉ ላይ ሁለት ማጣሪያ ጻፉ፤ ሲወጣ የራሱን ላን (የውስጥ ኔትወርክ) ብቻ፣ ሲገባ 10.0.0.0/8 ብቻ። ሃቡ ላይ በተቃራኒው፤ ከቅርንጫፍ የሚቀበለው ከ10 ክልል የሆኑ የ/24 ሩቶችን ብቻ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለ ሰው ‹ሪዲስትሪቢዩት ከርነል› (ከርነል ውስጥ ያለውን ሩት አውጅ) ብሎ የራሱን ዲፎልት ሩት ወደ ላይ ቢልክ ይሄ ማጣሪያ ባይኖር ምን እንደሚከተል አስቡት። የመሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት በአንድ የቅርንጫፍ መስመር ልውጣ ሊል ይችላል።

ሊስን ሬንጅና ማጣሪያ ሲጋጠሙ አንድ ቅር የሚያሰኘኝ ነገር አለ። ፒር ግሩፑ የጋራ ስለሆነ ማጣሪያውም የጋራ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ የሌላውን ላን የእኔ ነው ቢል ሃቡ ያምነዋል። እሱን ለመከልከል ለየኔበሩ ለየብቻ መጻፍ ይኖርባችኋል፤ ያኔ የሊስን ሬንጅ ደስታው ይቀራል። እኔ ሳጥኖቹን የማስተዳድረው ራሴ ስለሆንኩ በጋራው ቀጥያለሁ። የቅርንጫፉን ራውተር ሌላ ሰው የሚነካው ከሆነ ግን ድካሙን ተሸከሙት።

ሰዓቱስ? በነባሪው ኪፕአላይቩ (አለሁ የሚለው መልእክት) በየ60 ሰከንዱ ነው፣ ሆልዱ (ሞቷል ከማለቱ በፊት የሚጠብቀው) 180። ያ ማለት ሃቡ ሲሞት ቅርንጫፉ ሦስት ደቂቃ ወደ ጨለማ ሲልክ ይቆያል ማለት ነው። ኢንተርፌሱ ዳውን ስለማይል ቢጂፒ ቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መድኃኒቱ ቢኤፍዲ ነው። የኤፍአርአር ቢኤፍዲ በየ300 ሚሊሰከንዱ ይልካል፤ ሦስት ከጠፋ ሞቷል ይላል። ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ዳታ ሴንተር ውስጥ ግሩም ነው። በሞባይል ዳታ ወይም በተጨናነቀ መስመር ላይ ለተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ግን እብደት ነው። ትንሽ በተጨናነቀ ቁጥር ሴሽኑ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል። እኔ በሰከንድ አንድ፣ በአምስት ማባዣ አድርጌዋለሁ። አምስት ሰከንድ ለቢሮ ሥራ ምንም አይደለም። ‹ፕሮፋይል› መጻፍ ስለሚቻል የደካማ መስመሮቹን ለብቻ ማላላት ቀላል ነው።

ሁለት ሃብ ያላችሁ ደግሞ መመለሻውን አትርሱ። ቅርንጫፉ ላይ ሎካል ፕሪፈረንስ (የመንገድ ምርጫ ቁጥር) ከፍ አድርጎ አንደኛውን ሃብ ማስመረጥ ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ከማዕከል ወደ ቅርንጫፍ የሚመለሰው ነው። በሁለተኛው ሃብ በኩል ከተመለሰ እዚያ ያለው ፋየርዎል የግንኙነቱን መጀመሪያ ስላላየ ይጥለዋል። ፒንግ ይሠራል፣ ሲስተሙ አይከፍትም፤ ሰዉ ግራ ይጋባል። ቅርንጫፉ ለሁለተኛው ሃብ ሲናገር የራሱን ኤኤስ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ እንዲጨምር አድርጉት። መንገዱ ይረዝማል፣ ማዕከሉም አንደኛውን ይመርጣል። በሩት ማፕ (የሩት ማጣሪያና ማስተካከያ ደንብ) አንድ መስመር ናት።

አሁን ጥፋቱ የኤፍአርአር ያልሆነ፣ እሱ ግን ሁሌ የሚወቀስበት ነገር። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሴሽኑ ይነሳል፤ ሦስት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ይሞታል፤ እንደገና ይነሳል። እንደ ሰዓት። ይሄ የደረሰብኝ ሃቦቹ ለቅርንጫፎች ሙሉውን የሩት ዝርዝር በሚልኩበት ጊዜ ነው። ምክንያቱ ኤምቲዩ ነው። የቢጂፒ ኪፕአላይቭ 19 ባይት ናት፣ በየትም ታልፋለች። ሰላምታውም ትንሽ ነው። ሩቶች የታጨቁበት አፕዴት ሲመጣ ግን ፓኬቱ ይሞላል፣ ተነሉ ውስጥ አይገባም፣ መሀል ላይ ይጣላል። ቲሲፒ ደግሞ በተራ ያልደረሰውን ሳያደርስ ቀጣዩን አያሳልፍም፤ ኪፕአላይቩም ከኋላ ተሰልፎ ይቀራል። 180 ሰከንዱ ያልቃል፣ ሴሽኑ ይሞታል። ‹ፓኬቱ ትልቅ ነው› የሚለውን የአይሲኤምፒ መልእክት የዚያ ቅርንጫፍ አይኤስፒ ይጥለው ነበር፤ ስለዚህ ማንም ለማንም አልተናገረም። ዋየርጋርድ በአይፒቪ4 ላይ 60 ባይት፣ በአይፒቪ6 ላይ 80 ባይት ይበላል። ነባሪው 1420 የመጣው ከ1500 ላይ 80 ተቀንሶ ነው። ከሥሩ ያለው መስመር 1500 የማያሳልፍ ከሆነ ሒሳቡን እንደገና ሥሩ። የቲሲፒ ኤምኤስኤስንም (በአንድ ፓኬት የሚጫነውን የዳታ ልክ) ፋየርዎሉ ላይ ቆንጥጡት። ኤፍአርአር ለቢጂፒው ብቻ ኤምኤስኤስ የሚወስን ትእዛዝም አለው፤ ያ ግን የሰዉን ትራፊክ አያድንም። አንድ ሩት ብቻ ስትልኩ ደግሞ አፕዴቱ ትንሽ ስለሚሆን የቢጂፒው ሴሽን ይተርፋል። የተጠቃሚው ፋይል ግን አይተርፍም፤ ኤምቲዩውን አስተካክሉ።

ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ በቀጥታ እንዲነጋገር የምትፈልጉ፣ ለምሳሌ የስልክ ጥሪ ያላችሁ፣ ከእኔ አሠራር ትወጣላችሁ። ኤፍአርአር ለእናንተ የኤንኤችአርፒ ዴመን አለው፤ ዲኤምቪፒኤን የሚባለውን፣ ቅርንጫፎች በቀጥታ የሚገናኙበትን አይነት ኔትወርክ በመልቲፖይንት ጂአርኢ (ብዙ ጫፍ ባለው ተነል) ለመሥራት። ሩቱን አያውጅም፤ ለሱ ከላዩ ቢጂፒ ያስፈልጋል። እሱ የሚያደርገው አቋራጩን መክፈት ነው። ሃቡ ላይ አቋራጭ አለ ብሎ እንዲናገር የአይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ኤንኤፍሎግ ሕግ መጻፍ አለባችሁ። ምስጠራው (አይፒሴክ) በስትሮንግስዋን ሲሆን ደግሞ ፓች የተደረገ ቨርዥን ይጠይቃል። ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል። ግን የተያያዘው ክር በዛብኝ። አንዱ አፕዴት ሲደረግ ሌላው እንዳይበጠስ ስትጨነቁ መኖር ነው። ይሄ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ራውተር ብትገዙ አልፈርድባችሁም።

በመልቲፖይንት ጂአርኢ ላይ ሆናችሁ አቋራጩን የማትፈልጉ ካላችሁም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁሉም ስፖክ በአንድ ሰብኔት ላይ ስለሆነ ሃቡ የአንዱን ስፖክ ሩት ለሌላው ሲያስተላልፍ ኔክስት ሆፑን (ፓኬቱ ቀጥሎ የሚላክለትን ራውተር) ሳይቀይር ሊተወው ይችላል። ስፖኩ ሩቱን ያገኛል፣ ኔክስት ሆፑ ግን በቀጥታ የማይደርስበት ሌላ ስፖክ ነው። ሩቱ ቴብሉ ውስጥ አምሮበት ተቀምጧል፣ ፓኬቱ ግን የትም አይደርስም። ‹ኔክስት ሆፕ ሰልፍ› በሉት። በውስጥ ቢጂፒ (በአንድ ኤኤስ ውስጥ) በሩት ሪፍሌክተር (ሩትን ለሌሎች በሚያስተላልፍ ራውተር) የምትሠሩ ከሆነ እሱ ብቻውን አይበቃም፤ መጨረሻው ላይ ‹ፎርስ› የሚለው ቃል ይጨመር።

ከበርድ፣ ከሌላው ነፃ የራውቲንግ ሶፍትዌር ጋር ለምታነጻጽሩ፣ በርድም ጎበዝ ነው። የኢንተርኔት ኤክስቼንጆች የሩት ሰርቨር አድርገው የሚጠቀሙበት በከንቱ አይደለም። የማጣሪያ ቋንቋው ከኤፍአርአር ሩት ማፕ ይበልጣል፤ በእውነቱ ቆንጆ ነው። ግን ፕሮግራም እንደመጻፍ ነው። ቡድናችሁ ኮድ የሚጽፍ ከሆነ በርድን እዩት። ራውተር ላይ ያደገ ከሆነ ኤፍአርአር ላይ ቆዩ።

የቀረኝ አንድ ቅሬታ አለ፤ ስለ ለውጥ አደራረግ። ኮንፊጉን ፋይል ላይ ጽፎ ‹ሪሎድ› ማለት ይቻላል። ልዩነቱን ብቻ አውጥቶ ያስገባል፣ ሴሽኖቹን አይነካም። ይሄ ከኤፍአርአር ደግ ሥራዎች አንዱ ነው። ዴመንስ ፋይሉን ስትነኩ ግን ሪስታርት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሪስታርት ሁሉንም ይቆርጣል። ስለዚህ ቢኤፍዲን ኋላ አበራዋለሁ አትበሉ፤ ከመጀመሪያው አብሩት። ቪቲዋይኤስኤች ውስጥ ስትጽፉ ደግሞ በተለመደው አሠራሩ ኢንተር በመታችሁ ቅጽበት ነው የሚተገበረው። ‹እርግጠኛ ነህ?› የለም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ካላረጋገጥኩ ወደ ነበረበት መልስ ማለትን ከሌላ ብራንድ የለመደ ሰው እዚህ ይናፍቀዋል።

ከተነሉ በቀር መግቢያ የሌለው ቅርንጫፍ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከመንካቴ በፊት የድሮውን ኮንፊግ ኮፒ አደርጋለሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያንን ኮፒ መልሶ ሪሎድ የሚያደርግ ሥራ በ‹አት› (በቀጠሮ ሥራ በሚያስነሳው የሊኑክስ ትእዛዝ) አስይዛለሁ። ከዚያ ለውጡን አስገባለሁ። ገብቼ ካየሁት በኋላ ሥራውን እሰርዘዋለሁ። ከዚህ ሌላ በየቅርንጫፉ ኤፍአርአር ጨርሶ የማያውቀው ሁለተኛ የዋየርጋርድ ተነል አለ፤ አድራሻው ስታቲክ ነው፣ ከ10 ክልል ውጪ ነው፣ ኤስኤስኤች ብቻ ያሳልፋል። ቢጂፒው ሙሉ በሙሉ ቢበላሽ እንኳ በዚያ እገባለሁ።